እጁን ያዢው

በዚያ ቤት ከሁሉም ቃል በላይ የሚደጋገመው «እጁን ያዢው» የሚለው ነበር። አማቷ ከጓዳ ሆነው ይሉታል፤ ባሏ የጫማውን ማሰሪያ እያጠበቀ ይለዋል፤ እሷም ብቻዋን ስትሆን ለራሷ ትለዋለች። ልጁ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሲወለድ ጉንጩ ሙሉ ስለነበር ድንቡሼ ብለው አወጡለት። ስሙ ጸና፤ ጉንጩ ግን ተላጠ። የክርኑ ማጠፊያ፣ የጉልበቱ ጀርባና የአንገቱ ዙሪያ ይቀላል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ሲብስበት ደግሞ ውሃ ይቋጥራል። ጣቶቹ ሥራ አይፈቱም። እየበላ ያክካል፣ እየሳቀ ያክካል፣ ተኝቶም ያክካል። የጥፍሩ ድምፅ ቀጭን ነው፤ አይጥ ካርቶን ስትፍቅ እንደሚሰማው ያለ። እናቱ ግድግዳ ተሻግራ ትሰማዋለች። ሥራ ቦታ እንኳ አንዱ ትሪ በቢላ ሲፍቅ ሳታስበው ዞር ትላለች።

የምትሠራው አንድ ዳቦና ኬክ ቤት ውስጥ ነው። ከፊት መስታወትና መብራት፣ ከኋላ ምድጃና ላብ። የእሷ ድርሻ ከኋላ፣ ከምድጃው አፍ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ነው። ጣፋጩ ዳቦ ከመጋገሩ በፊት ፊቱ በተመታ እንቁላል ይቀባል፤ ሲወጣ የሚያብረቀርቀው በዚያ ነው። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እንቁላሉ ከበዛ በጎን ይፈስና ዳቦውን ከትሪው ጋር ያጣብቀዋል፤ ብሩሹን ከተጫኑት ደግሞ የተነፋው ሊጥ ተንፍሶ ይቀራል። እሷ ግን በእንቅልፍ ልቧም ብትቀባ አትስትም። ስለዚህ ስሟን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «ቀቢዋ» ነው የሚላት። የምድጃው ኃላፊ ሰው ማመስገን ጥርሱን የሚያወልቀው የሚመስለው ሽማግሌ ነው። ሠራተኞቹ ከኋላው ሆነው «እሳቱ» ይሉታል። እሱ እንኳ አንድ ቀን ለአዲስ ሠራተኛ ሲያሳይ፣ ይቺ ልጅ ሊጡን ሳትቀሰቅሰው ነው የምትቀባው፣ እሷን እያት፣ ብሎ ነበር።

ብሩሹን እንዲህ የሚያሽከረክረው እጇ ግን ለስላሳ አልነበረም። ዱቄት እርጥበቱን መጥጦታል፣ የትሪ ጠርዝ አቃጥሎታል፣ ሳሙናና ውሃ ሰነጣጥቆታል። መዳፏ እንደ ሞረድ ሆኗል። የልጁ ቆዳ መቆጣት በጀመረ ሰሞን ቫዝሊን ልትቀባው ስትነካው ድንቡሼ ጮኾ ወደ ግድግዳው ሸሸ። አባቱን አልሸሸም፣ አያቱንም አልሸሸም። የሸሸው የእሷን እጅ ነው። ያን ቀን እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደብቃ ዋለች።

በነጋታው ከሥራ ቦታ አንድ ብሩሽ ይዛ መጣች። እጀታው በመሰንጠቁ እሳቱ ይጣል ያለው ነው፤ ፀጉሩ ግን ከአዲሶቹ ሁሉ ይለሰልስ ነበር። ጀርም እንዳይቀርበት ብላ ድስት ውስጥ ጨምራ አፈላችው፤ ፈልቶም አልበቃትም፣ ውሃ ጨምራ እንደገና አንተከተከችው። ፀሐይ ላይ አደረቀችውና መድኃኒቶቹ ከሚቀመጡበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሩሹ የእንቁላል መሆኑ ቀርቶ የመድኃኒት ሆነ። ድንቡሼም ወደደው። ገላውን ታጥቦ ሲወጣ ራሱ ክንዱን ይዘረጋና «ቀቢኝ» ይላል። እሷም በሊጥ ላይ እንደለመደችው፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሳትጫን ትቀባዋለች። ስትጨርስ «አሁን ምድጃ ልትገባ ነው» ስትለው እርቃኑን እየሮጠ የአያቱ ቀሚስ ስር ይደበቃል። በቀኑ ውስጥ ማከኩን የሚረሳው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር።

የሚያሳክከው ነገር ግን አልተገኘም። መድኃኒት ቤት ያለው ሰው ሽፍታ ነው ብሎ አንድ ቅባት ሰጣት፤ ጤና ጣቢያው ሙቀት ነው አላት። እሷ አንዱን ሰምታ አርፋ የምትቀመጥ አይደለችም። ሳሙና ቀየረች። የሱፍ ብርድ ልብሱን አወጣች። አልጋውን ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ጓዳው አዞረችው። ከጎረቤት እየመጣች ደጃፉ ላይ ፀሐይ የምትሞቀውን ድመት አባረረች፤ ከጎረቤቷም ጋር ተኳረፈች። ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ነገር በቀልድ ማብረድ ያውቅበታል። አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ መጋረጃው ሁሉ ወርዶ ሲያገኝ «በዚህ አያያዝሽ ቀጥሎ የምትቀይሪው እኔን ነው» አላት። ሳቀች፤ መጋረጃውን ግን መልሳ አልሰቀለችውም።

ነገሩ የተገለጠው በድንች ነው። ድንቡሼ እንቁላል ሲሰጡት ይተፋል። አያቱ ይህን ቅብጠት ነው ብለው ያምናሉ። እሳቸው ሰባት ልጅ ያሳደጉት በእንቁላል ነው፤ ከሰባቱ አንዱም አልተፋም። አንድ ቀን ምሳ ላይ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ፈጭተው የተፈጨ ድንች ውስጥ ደበቁለት። ልጁ በላ። ወዲያው ከንፈሩ አበጠ፣ ዓይኑ ተደፈነ፣ ሆዱና ጀርባው ላይ ትልልቅ ሽፍታ ወጣ፣ አስመለሰው፣ ድምፁም ሻከረ። እናቱ ከሥራ ስትገባ ደረሰች። ጫማዋን አንድ እግር እንዳጠለቀች፣ ልጁን ታቅፋ መንገድ ላይ ወጥታ ያቆመችው የመጀመሪያው መኪና የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም። ሆስፒታል መርፌ ተወጋ፤ ትንፋሹ ተመለሰ። ከዚያ ወደ አንዲት የቆዳና የአለርጂ ሐኪም ተላኩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። የልጁን ክንድ ጠርጋ የተለያየ ፈሳሽ በጠብታ አስቀመጠችበትና እያንዳንዱን ጠብታ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው። እናቱ እጁን ይዛ ጠበቀች። ሌሎቹ ጠብታዎች እንደነበሩ ቀሩ። አንደኛው ብቻ ትንኝ እንደነደፈው ተነፋ። እንቁላል ነው አለች ሐኪሟ። እናቱ እብጠቱን ትክ ብላ አየችው። እንቁላል ለእሷ እንግዳ አይደለም፤ ጠዋት ማታ እጇ ላይ የሚውለው ነው።

ሐኪሟ አስረዳቻት። የልጁ ሕመም ችፌ ነው። ቆዳው ልስኑ እንደረገፈ ግድግዳ ነው፤ እርጥበት ያፈሳል፣ የውጭውን ነገር ያስገባል። ችፌውን እንቁላል ብቻውን አላመጣውም፤ ነገር ግን በአፉ ከገባ ያሰጋዋል፣ የቆሰለ ቆዳውን ከነካውም ያስቆጣዋል። በአንድ ጊዜ ነቅሎ የሚያወጣ መድኃኒት የለም፤ ጠብቆ ማብረድ ግን ይቻላል። ለብ ባለ ውሃ አጭር መታጠብ፣ ሳይደርቅ ወዲያው ማለስለሻውን በብዛት መቀባት፣ ቀይ በሆነው ላይ ብቻ ሌላውን መድኃኒት በስሱ፣ ጥፍሩን ማሳጠር፣ እንቁላል ፈጽሞ አለማቅመስ። ሥራዬን ልተው ወይ ብላ ጠየቀቻት። መተው አያስፈልግም፣ ልብስሽን ቀይሪ፣ እጅሽን እስከ ክርንሽ ታጠቢ፣ ከዚያ አንሺው አለቻት። በመጨረሻ ደግሞ ቀጠሮ ሰጥታ፣ እስከዚያ ካልበረደ ቆዳው ሊመረዝ ስለሚችል ሆስፒታል አስተኝተን ጠንከር ያለ ሕክምና እንጀምርለታለን አለች።

እናቱ ከዚህ ሁሉ ንግግር ይዛው የወጣችው «አስተኝተን» የሚለውን ነው።

ከዚያ በኋላ እግሯ መሬት አልነካም። እንቁላል ከቤት ወጣ፤ ዱቄት ያለበት ሁሉ ተመረመረ። ሥራ ቦታ ልብሷን ቀይራ፣ ፀጉሯን ጠቅልላ፣ እጇን እስኪቀላ ታጥባ ትወጣለች። ቤት ገብታ እንደገና ትታጠባለች። ልጇን ከመሳሟ በፊት አፏን ትጉመጠመጣለች። ማታ ማታ ገላውን አጥባው፣ ሳይደርቅ፣ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፍታ፣ አዲሱን ቅባት በብሩሹ እየጠቀሰች፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሳትጫን ትቀባዋለች።

አልበረደም። እንዲያውም ባሰ። ጠዋት ስታየው ቀዩ ነገር እንደ ድሮው ዝም ብሎ የተሰራጨ አይደለም፤ መስመር መስመር ሠርቶ ከትከሻው ወደ ክርኑ ይወርዳል። መስመሩን በጣቷ ተከተለችውና ምን እንደሚመስል ሳታስታውስ ቀረች። ራሷን ብቻ ጠረጠረች። እንቁላሉ ከእኔ አይለቅም፣ ከፀጉሬ፣ ከትንፋሼ፣ ከላቤ ነው የሚወጣው እያለች አሰበች። ምግብ ስትቀርብ እንቁላል ይሸታታል፤ ባሏ ትከሻዋን ሲይዛት ፈቀቅ ትላለች። ሁለት ወር እንኳ ቤት ብትቀመጥስ? ባሏ እንዳልሽ አላት፤ ቀጥሎ ግን ከቤት ብትውይ ግድግዳውንም ታፈርሺዋለሽ አለ።

ልትሰናበት ወደ እሳቱ ሄደች። ሽማግሌው የምድጃውን በር ሳይዘጋ ሰማት። ሊጥ ማንንም እንደማይጠብቅ፣ የሠርግ ትእዛዝ እንዳለበት፣ የዘንድሮ ሰው በየምክንያቱ እንደሚሸሽ አጉረመረመ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር እንዲህ አለ፦

«ቀጠሮሽን ሂጂና ስትመለሺ ተሰናበቺኝ። አሁን አልሰማሁሽም።»

ለሠርጉ ትእዛዝ ብላ እነዚያን ቀናት አምሽታ ገባች። ስትደርስ ልጁ ተኝቶ ታገኘዋለች፤ ያጠቡትና የቀቡት አያቱ ናቸው። የትእዛዙ ሥራ ባለቀ ማግስት ጠዋት ልብሱን ስታወልቅለት ደነገጠች። መስመሮቹ ደብዝዘዋል። የክርኑ ማጠፊያ ገርጥቷል፤ ስትነካው እንደ ሰው ቆዳ ነው። አማቷን አቅፋ ልትስም ነበር። እሳቸው ግን ቀድመው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ነገሯት። የሐኪሟን ቅባት አልቀቡትም። የቅባቱን ዕቃ ሰነፍ ሰው የማያገኘው ቦታ፣ ከአልጋቸው ስር ደብቀውታል። የቀቡት ከሳጥናቸው ያወጡትን ተራ ቫዝሊን ነው።

«መድኃኒቱ ነው ልጁን የሚያቃጥለው፤ አንቺም በገዛ እጅሽ» አሏት።

ተጣሉ። ድምፃቸው እስከ ደጃፍ ወጣ። ባሏ በእናቱና በሚስቱ መሃል ቆመ፤ ከዚያ አንድ የሚያንጠባጥብ ነገር አለብኝ ብሎ መፍቻውን ይዞ ወጣ። እሷን ያንገበገባት አማቷ መዋሸታቸው አልነበረም። ልክ መሆናቸው ነው። ልጁ ተሽሎታል፤ በዓይኗ አይታለች። ታዲያ ሐኪሟን ትመን ወይስ ዓይኗን? የቅባቱን ዕቃ ከአልጋው ስር አውጥታ በእጇ ያዘችው፤ መልሳ አስቀመጠችው፤ እንደገና አወጣችው። ለማረጋገጥ ብላ ያን ማታ ራሷ ቀባችው። ጠዋት መስመሮቹ ተመልሰው ቀልተው ነበር። አማቷ አይተው ነጠላቸውን አነሡ።

«ቀጠሮሽ ዛሬ አይደል? እኔም እሄዳለሁ። ፊት ለፊት ነው የምነግራት።»

ቆርቆሮውን ሙሉውን ይዘው ሄዱ። ሐኪሟ ጋ ሲገቡ አያቱ ሳይቀመጡ ጀመሩ፤ መድኃኒቱ እንደሚያቃጥል፣ እሳቸው በተራ ቅባት እንዳዳኑት፣ እናቱ ስትመለስበት ደግሞ እንደተነሣ በዝርዝር ተናገሩ። ሐኪሟ አላቋረጠቻቸውም፣ አልተቆጣችም። የልጁን ክንድ ወደ መስኮቱ አዙራ መስመሮቹን ረጅም ጊዜ አየች። ቅባቱ ትንሽ ሊቆጠቁጥ ይችላል፣ እንዲህ ያለ መስመር ግን አያወጣም አለች። ከዚያ ቫዝሊኑን እንዴት እንደቀቡት ጠየቀቻቸው።

«እንዴት ይቀባል? በእጄ ነዋ» አሉ አያቱ፣ መዳፋቸውን ክንዳቸው ላይ እያሳዩ። «እኔ እንደሷ በብሩሽ አላውቅ።»

ሐኪሟ ቀና አለች። «እናት፣ አንቺስ? እስቲ እንደ ቤትሽ አድርገሽ አሳዪኝ።»

እናቱ ቆርቆሮውን ከፈተችና ብሩሹን አወጣች። ድንቡሼ ገና ሲያየው ክንዱን ዘረጋ። «ቀቢኝ» አለ።

ሐኪሟ ብሩሹን ከእጇ ተቀበለቻት። ከየት እንደመጣ ስትጠይቃት እናቱ «ከሥራ ቦታ» ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው፦

«አፍልቼዋለሁ እኮ። ሁለት ጊዜ ነው ያፈላሁት።»

ይህን ስትል ገና ከአፏ ሳይወጣ ገባት። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ለአዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያው ቀን የሚነገረው ይህ ነው፤ እሷ ራሷ ስንቱን ተቆጥታበታለች። የእንቁላል ብሩሽ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚታጠበው። ሙቅ ውሃ ካገኘው እንቁላሉ ፀጉሩ ሥር ይበስላል፤ በስሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ ቅባትና እርጥበት ባገኘው ቁጥር በጥቂት በጥቂቱ ይለቃል። ሥራ ቦታ ብትሆን በፍጹም አታፈላውም። ቤቷ ውስጥ ግን ቀቢ አልነበረችም፤ ጀርም የምትፈራ እናት ነበረች። ብሩሹን መልሳ ወሰደችና ፀጉሩን በአውራ ጣቷ ከሥሩ ከፈለችው። ውስጡ እንደ ሙጫ የደረቀ ቢጫ ነገር ነበር። ስትፍቀው ጥፍሯ ላይ ረገፈ።

«እንቁላል ነው» አለች። «እኔ ነኝ የቀባሁት።»

ድንቡሼ ክንዱን እንደዘረጋ ይጠብቃል። ሐኪሟ የቅባቱን ዕቃም ከፍታ አየችና ብሩሹ እየገባ ስለወጣበት እሱም እንደተነካካ፣ ሌላ እንደምትሰጣት ነገረቻት። ሆስፒታል መተኛቱ ለጊዜው ይቅር አለች። ከዚያ ወደ አያቱ ዞራ፣ ፈገግታዋን ሳትደብቅ፣

«እማማ፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባል የለ? መድኃኒቱን ያለ ጥፋቱ ከአልጋ ስር አሰሩት» አለች።

አያቱ ትንሽ አሰቡ። «ታዲያ ዳዋውን ባልመታው አይጧ ትወጣ ነበር?» አሉ።

ሐኪሟ ሳቀች። እናቱ አልሳቀችም። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አሳየቻት፤ ስንጥቁን፣ ጠባሳውን፣ የደደረውን መዳፍ። በዚህ እንዴት ልንካው ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። ሐኪሟ እጇን ገልብጣ አየችው። ቅባቱ ለአንቺም ይሆናል አለቻት፤ ማታ ማታ አብራችሁ ተቀቡ። ቀጥሎ ያለችውን እናቱ እስከ ቤት ድረስ በልቧ ስትደግመው መጣች፦

«አትፈትጊው። እጅሽን አኑሪበትና ተዪው፤ ቅባቱ ራሱ ይገባል።»

መንገድ ላይ አማቷ፣ ድንቹን እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ እኔም ሳላውቅ የቀባሁት አለኝ አሉ፣ ወደ ፊታቸው እያዩ። ከዚያ ልጁን ከጀርባዋ ተቀበሏት።

በማግስቱ ብሩሹን ይዛ ሥራ ገባች። እሳቱ የሆነውን ሲሰማ ብሩሹን ከእጇ ቀምቶ ምድጃው ውስጥ ወረወረው። ክፍሉን የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ሞላው። ይጣል ያልኩትን አትጥሉም እያለ፣ ሽታውን ያመጣችው እሷ ይመስል ተራገመ። መሰናበቷን አልጠየቃትም። ወደ ሊጥ መዳመጫው ጠረጴዛ አዛወራት። ሠራተኞቹ ግን ዛሬም ቀቢዋ ነው የሚሏት።

የመጀመሪያው ማታ ከባድ ነበር። ድንቡሼ ታጥቦ ወጥቶ ቆርቆሮውን ከፈተ፤ ብሩሹን አጣው። ቆርቆሮውን ገለበጠው፣ ስሩን አየ፣ አለቀሰ። እሷ ቅባቱን በሁለት መዳፏ ሞቅ አድርጋ ቀረበች። ልጁ ትከሻውን ሰበቀ። ወደ ግድግዳው ሊሸሽ ነው ብላ ጠበቀች። እጇን ጀርባው ላይ አኖረችው፤ ጣቶቿ እንደ ልማዳቸው ሊሮጡ፣ ከላይ ወደ ታች ሊወርዱ ፈለጉ። ያዘቻቸው። ልጁ ማልቀሱን አቆመና በዚያ ሻካራ መዳፍ ስር ጀርባውን ወዘወዘ። ሲያሳክከው የኖረው ቦታ ላይ ነበር ያረፈችው።

«እዚህም» አለ፣ ወገቡን እያሳየ።

እዚያም አኖረችው። እንዲፈተግለት ጀርባውን ይገፋባታል፤ እሷ አትንቀሳቀስም። ከጓዳ አማቷ፣ ጥፍር ሰምተው ይሁን ዝምታውን ሰምተው አይታወቅም፣ «እጁን ያዢው» አሉ።

«ይዤዋለሁ» አለች። የያዘችው ግን የራሷን ነበር።